ከባቱ የወይን ማሳ እስከ አቢጃታ፦ የሦስት ቀን ጉዞ በስምጥ ሸለቆ

ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ የተስተካከለ።



በዓል ከቅዳሜና እሑድ ጋር ሲገጥም ከአዲስ አበባና ከአዳማ የሚነሣ መንገደኛ ብዙ ጊዜ ፊቱን ወደ ላንጋኖ ያዞራል። ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ይታጠፋል፤ ቆቃን፣ ዓለም ጤናንና መቂን አልፎ ባቱ፣ በቀድሞ ስሟ ዝዋይ፣ ሲደርስ ቆሮሶ ይበላል፤ ከዚያም አዳሚ ቱሉንና ቡልቡላን ተሻግሮ ማታውን ላንጋኖ ዳር ያድራል። ይህ መንገድ ለአብዛኞቻችን የዕረፍት መንገድ ነው። እኔ ዛሬ እንደ ትምህርት መንገድ ላቀርበው እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከአገራችን የወይን ማሳዎች በስፋት የሚታወቀው እዚሁ መንገድ ላይ ይገኛል፤ ማሳው የቆመበት የውሃ ሥርዓትም እስከ መንገዱ መጨረሻ ድረስ ይከተለናል።

በቅርቡ ከድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን ጋር ይህንኑ መንገድ በሦስት ቀን ተጉዘናል፤ አንዱን ቀን ባቱ፣ ሁለተኛውን ላንጋኖ፣ ሦስተኛውን አቢጃታ አደረግነው። የገለጻዬንም ቅደም ተከተል ከጉዞው ወስጃለሁ። ፍሬ ነገሩን አስቀድሜ ልናገር፦ ባቱን የወይን አገር ያደረጋት አፈሩና ፀሐይዋ ብቻ ሳይሆኑ፣ ከሐይቋ ወጥቶ ወደ ታች የሚፈስሰው ውሃም ጭምር ነው። ይህን ውሃ እንደ ባከነ መቁጠር ከጀመርን ከታች ያለውን ሐይቅ ብቻ ሳይሆን ከላይ ያለውን ወይንም እናጣለን።

የመጀመሪያው ቀን፦ ባቱ

ወይን ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ቃሉ በግእዝም በአማርኛም አለ፤ ተክሉንም ፍሬውንም ወይን እንላቸዋለን። መጠጡን ግን የወይን ጠጅ እንለዋለን፤ ማለትም ከማር በምንጥለው በራሳችን ጠጅ እንሰይመዋለን። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ የሚቀርበው ወይን ከዘቢብ የሚዘጋጅ ነው፤ ይህንንም ልማድ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ መዝግቦታል። በፋብሪካ ደረጃም አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉደርና አክሱሚት በሚባሉት ምርቶቹ ለብዙ አሥርት ዓመታት የታወቀ ነው።

የባቱው ማሳ ከነዚህ ሁሉ አዲስ ነው። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ከቦርዶ ያስመጣቸውን ችግኞች መትከል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ገደማ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች በ2014 ለገበያ ቀረቡ። የተተከሉት ዓይነቶች ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ናቸው፤ ጠጆቹም ሪፍት ቫሊና አካሲያ በሚሉ ስሞች ይሸጣሉ። ማሳው ከ100 ሄክታር ይበልጣል፤ ሥራው ሲጀመር የተነገረው የማምረት ዐቅም በዓመት 1.2 ሚሊዮን ጠርሙስ ገደማ ነበር። በዙሪያው የተቆፈረው ቦይ ጉማሬን፣ ጅብንና ዘንዶን ለመከላከል መሆኑን ሲሰሙ ተማሪዎቻችን ተገርመዋል፤ የቦርዶ ገበሬ እንዲህ ያለ ጭንቀት የለበትም።

ትልቁ ልዩነት ግን በወቅት አቆጣጠር ላይ ነው። እኛ ክረምት የምንለው የዝናቡን ወራት ነው። የአውሮፓውያኑን የብርድ ወቅት ስንተረጉምም ይህንኑ ቃል እንጠቀማለን። ለወይን ተክል ግን ሁለቱ ተቃራኒ ነገሮች ናቸው። በቦርዶ ብርዱ ሲመጣ ተክሉ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ ሙቀቱ ሲመለስ እምቡጦቹ በአንድነት ይነቃሉ፤ ፍሬውም በመከር ይደርሳል። የቀኑ ርዝመትም ወቅቱን ያሳውቀዋል፤ በዚያ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ከስድስት ሰዓት በላይ ልዩነት አለ። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ አጠገብ በምትገኘው ባቱ ግን ልዩነቱ አንድ ሰዓት አይሞላም። ተክሉን የሚያስተኛ ብርድም የለም። የእኛ ክረምት ተክሉን ከማስተኛት ይልቅ ቅጠሉን ያበዛዋል፤ እርጥበቱም ለሻጋታ በሽታዎች ያመቻቸዋል።

ታዲያ ወይኑ መቼ እንዲያብብ ማን ይነግረዋል? መቀሱ ነው። በሞቃት አገሮች የወይን ገበሬ ቅርንጫፉን በሚገርዝበት ቀን የተክሉን ዓመት ይጀምራል። ካልተገረዘ ጫፉ ላይ ያሉት እምቡጦች ብቻ እየበቀሉ የታችኞቹ ይተኛሉ፤ ሲገረዝ ግን የታችኞቹ ይነቃሉ። ከግረዛ እስከ ለቀማ ያለው ጊዜ እንደ ዓይነቱና እንደ ሙቀቱ ቢለያይም በጥቅሉ ከአራት እስከ አምስት ወር ነው። ስለዚህ ገበሬው ከሚፈልገው የለቀማ ወር ወደ ኋላ ቆጥሮ መቀሱን ያነሣል። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል በሳን ፍራንሲስኮ ወንዝ ሸለቆ፣ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ 9 ዲግሪ ላይ፣ በዚሁ ዘዴ ከአንድ ተክል በዓመት ሁለት ጊዜ ይለቀማል።

ከፍታው ደግሞ ለባቱ ትልቅ ስጦታ ነው። የዝዋይ ሐይቅ ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,636 ሜትር ገደማ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል ብለን ብናሰላ፣ ባቱ በዚሁ ኬክሮስ ከባሕር ዳርቻ ከሚገኝ ስፍራ በ10 ዲግሪ ያህል ትቀዘቅዛለች ማለት ነው። ይህ በተለይ በሌሊት ይጠቅማል። በወይን ፍሬ ውስጥ ያለው ማሊክ አሲድ ሌሊቱ ሞቃት ከሆነ በፍጥነት ይቃጠላል፤ ፍሬው ስኳር ብቻ ይሆንና ጠጁ ይጣፍጣል እንጂ ሕይወት አይኖረውም። ቀዝቃዛ ሌሊት አሲዱን ያቆይለታል።

አሁን ዋናው ነጥብ ላይ ደርሰናል። ፍሬው በዝናብ ወራት እንዲበስል አይፈለግም፤ ይሰነጠቃል፣ ይሻግታል፣ ስኳሩም ይቀጥናል። ስለዚህ ብስለቱ በደረቁ ወራት ይሆናል። በደረቁ ወራት ደግሞ ተክሉ የሚጠጣው ውሃ በጠብታ መስኖ የሚመጣ ነው። ጥራቱ ድርቀትን ይፈልጋል፤ ድርቀቱም መስኖን ያስከትላል። የዝዋይ ሐይቅ ከፍታው ላይ የሚደርሰው በመስከረምና በጥቅምት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ እስከ ቀጣዩ ክረምት መግቢያ ድረስ እየወረደ ይሄዳል። መስኖው የሚበረታው ታዲያ ሐይቁ በሚወርድባቸው በእነዚሁ ወራት ነው። ይህ የወይኑ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ በሐይቁ ዙሪያ ያሉት የአበባ እርሻዎችም፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙት ገበሬዎችም ያው ናቸው።

ሐይቁ የሚሰጠው ከምኑ ላይ ነው?

በመጀመሪያው ቀን ማምሻ አንድ ተማሪ፣ «ዶክተር፣ ሐይቁ ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ ሳለ ስለ አንድ ማሳ ለምን እንጨነቃለን?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በቁጥር ልመልሰው። የማሳውን ስፋትና የጠርሙሱን ብዛት ከላይ ጠቅሻለሁ፤ የመስኖውን መጠን ግን ለስሌቱ ብዬ የወሰድሁት ነው እንጂ የተለካ አይደለም።

ማሳውን 120 ሄክታር፣ የአንዱን ሄክታር የዓመት መስኖ 5,000 ሜትር ኩብ እንበል። ድምሩ 600,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ለ1.2 ሚሊዮን ጠርሙስ ስናካፍለው በጠርሙስ 500 ሊትር ይደርሳል። ብዙ ይመስላል። የሐይቁ ስፋት ግን 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ይህ ሁሉ ውሃ ሐይቁን ዝቅ የሚያደርገው በ1.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በአንጻሩ ትነት ብቻውን በዓመት ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ውሃ ከሐይቁ ላይ ያነሣል። እስከዚህ ድረስ ተማሪው ትክክል ነበር።

ስሌቱ የሚቀየረው ውሃው ከምኑ ላይ እንደሚቀነስ ስንጠይቅ ነው። ዝዋይ ሁለት ዋና ገባሮች አሉት፤ ከምዕራብ ከጉራጌ ተራሮች የሚወርደው መቂና ከምሥራቅ ከአርሲ ተራሮች የሚወርደው ካታር። መውጫው አንድ ነው፤ እርሱም ወደ አቢጃታ የሚፈስሰው ቡልቡላ ወንዝ ነው። ሐይቁን ጠርዙ ላይ አንድ ቀዳዳ እንዳለው ገበታ አስቡት። ውሃው ከቀዳዳው ደፍ በላይ ሲሆን ትርፉ ይፈስሳል፤ ከደፉ በታች ሲወርድ ገበታው በውሃ የተሞላ ቢሆን እንኳ አንዲት ጠብታ አይወጣም። ቡልቡላ የሚኖረው ከደፉ በላይ ባለው ስስ ትርፍ ነው። ዝዋይም ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ አማካይ ጥልቀቱ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ነው።

እንግዲህ በሐይቁና በገባሮቹ ዙሪያ 10,000 ሄክታር መሬት በሄክታር 10,000 ሜትር ኩብ ውሃ ቢለማ ብለን እናስብ። ድምሩ 100 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፣ በሐይቁ ላይ ሲሰላ 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ትነት እንደሆነ ድርሻውን አይተውም፤ ስለዚህ የ23 ሴንቲ ሜትሩን ዕዳ በአብዛኛው የሚከፍለው ቡልቡላ ነው። ባቱ ዳር የቆመ ሰው ሐይቁ እንደ ወትሮው ሰፊ ሆኖ ይታየዋል፤ ከ40 ኪሎ ሜትር በታች ያለው ሰው ግን ወንዙ እንደ ቀጠነ ያያል። እያንዳንዱ ተጠቃሚ የእኔ ድርሻ ጥቂት ሚሊ ሜትር ናት ሲል እውነቱን ነው። ችግሩ ሁሉም እውነቱን መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ቀን፦ ላንጋኖ

ላንጋኖ ስንደርስ ተማሪዎቻችን በመጀመሪያ ያነሡት የውሃውን ቀለም ነበር። ቡኒ የሆነው ስለቆሸሸ አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተፈጨ እጅግ የላመ ሸክላ በውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ስለሚኖርና በውሃው ያለው ሶዲየም ቅንጣቶቹ ተጣብቀው እንዳይዘቅጡ ስለሚያደርግ ነው።

ላንጋኖን የማነሣው ግን ለንጽጽር ነው። ብዙ ሰው የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሁሉ አንዱ ወደ ሌላው በተራ የሚፈስሱ ይመስለዋል። ላንጋኖ ከዝዋይ ምንም አይቀበልም። ውሃው በስተ ምሥራቅ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚነሡት የአርሲ ተራሮች በሚወርዱ ወንዞች የሚመጣ ነው። ትርፉንም በሆራ ቀሎ በኩል ወደ አቢጃታ ይሰጣል። ስፋቱ 240 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ እስከ 47 ሜትር ይደርሳል። በመጠኑ ጨዋማ ስለሆነ ለሰፊ መስኖ አያመችም፤ ስለዚህም እንደ ዝዋይ ብዙ ፓምፕ አልተደቀነበትም። የላንጋኖ ከፍታ ባለፉት አሥርት ዓመታት ብዙ ሳይናወጥ ቆይቷል። ጎረቤቱ አቢጃታ ግን በእጅጉ ሸሽቷል። ሁለቱ በአንድ ሰማይ ሥር፣ በአጭር ርቀት የሚገኙ ናቸው። የአቢጃታ መሸሽ በአየር ንብረት ብቻ ቢሆን ኖሮ ላንጋኖም ብዙ በሸሸ ነበር። የሐይቆቹ ቅርጽና ጥልቀት መለያየቱን ከግምት ብናስገባ እንኳ፣ ይህ ንጽጽር የሰውን እጅ እንድንመረምር ያስገድደናል።

ሌላም ትምህርት አለ። አራቱ ሐይቆች፣ ማለትም ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ፣ ከጥቂት ሺህ ዓመታት በፊት አንድ ታላቅ ሐይቅ ነበሩ፤ ያም ሐይቅ ሞልቶ ወደ ሰሜን ወደ አዋሽ ይፈስስ ነበር። አፈራቸውና ዐለታቸው ተመሳሳይ ነው። የዛሬው ውሃቸው ግን ፈጽሞ ይለያያል። ዝዋይ ጣፋጭ ውሃ ነው፤ ላንጋኖ መካከለኛ ነው፤ አቢጃታና ሻላ ሶዳ ናቸው። ከልዩነቱ ዋና ምክንያቶች አንዱ መውጫ ነው። ወንዝ የሚያመጣው ውሃ ምንጊዜም ጥቂት ጨው ይይዛል፤ ትነት ውሃውን ብቻ ወስዶ ጨውን ይተወዋል። መውጫ ያለው ሐይቅ ጨውን ያራግፋል፤ መውጫ የሌለው ያከማቻል።

እዚህ ላይ ወደ ወይኑ እንመለስ። ወይን ጨውን አጥብቆ የሚጠላ ተክል ነው። ዝዋይ ለመስኖ የሚበጅ ጣፋጭ ውሃ ሆኖ የቆየው ቡልቡላ ጨውን እያጠበ ስለሚወስድለት ነው። ቡልቡላ ለዘለቄታው ቢቆም ዝዋይ ራሱ መውጫ የሌለው ሐይቅ ይሆናል፤ ከዓመት ዓመትም ወደ ላንጋኖ፣ ኋላም ወደ አቢጃታ ጠባይ ይጓዛል። በቅድሚያ የሚጎዱት ከሐይቁ የሚጠጡት የባቱ ነዋሪዎች፣ ዓሣ አጥማጆቹና የመስኖ ገበሬዎቹ ናቸው፤ የወይኑ ማሳም ከእነርሱ ጋር ነው።

ሦስተኛው ቀን፦ አቢጃታ

አቢጃታ በአቢጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይገኛል። ከአስፋልቱ ወርደን ወደ ሐይቁ ስንሄድ በእግር ያቋረጥነው ነጭ ሜዳ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት የሐይቅ ወለል ነበር። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ ከግማሽ በላይ የሸሸባቸው ዓመታት አሉ። ጥልቀቱ ትንሽ፣ ዳርቻው ዝርግ ስለሆነ፣ የጥቂት ሴንቲ ሜትር መውረድ የመቶዎች ሜትር መሸሽ ይሆናል። ምክንያቱም አንድ አይደለም። ከላይ ያለው መስኖ አለ፤ የሐይቁን ውሃ ወደ ማትነኛ ገንዳ እየሳበ ሶዳ አሽ የሚያመርተው ፋብሪካም እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተጨምሮበታል፤ የዝናቡ መዋዠቅም አለ።

በሻላ ደሴቶች ላይ የሚራቡት ነጭ ፔሊካኖች ቀድሞ ምግባቸውን የሚያገኙት ከአቢጃታ ዓሣ ነበር። ሻላ ራሱ ጥልቅና ሶዳማ ስለሆነ ለዓሣ አጥማጅ ወፍ ብዙም አይመችም። የአቢጃታ ጨው ሲበረታ ዓሣው ጠፋ፤ ወፎቹም ለጫጩቶቻቸው ምግብ ፍለጋ ሩቅ መብረር ግድ ሆነባቸው። ሶዳን የሚችሉት ፍላሚንጎዎች አሁንም ይታያሉ። ጎብኚው ፍላሚንጎውን ፎቶግራፍ አንሥቶ ደስ ብሎት ይመለሳል፤ የጎደለውን ወፍ ግን የሚነግረው የለም።

አንዷ ተማሪ ዳርቻው ላይ ቆማ፣ «ውሃው መጨረሻው እዚህ ሶዳ ውስጥ ከሆነ፣ ከላይ ቢለማበት አይሻልም ወይ?» አለች። ይህን ጥያቄ ከብዙ ባለሙያዎችም ሰምቼዋለሁ። መልሴ ከላይ የተናገርኩት ነው፤ ወደ አቢጃታ የሚፈስሰው ውሃ የዝዋይን ጨው የሚያጥበው ውሃ ነው። በተጨማሪም ሐይቅ ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ እንደሚችል ለማመን ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ በምሥራቅ ሐረርጌ የሐሮማያ ሐይቅ፣ ለከተማ መጠጥና ለመስኖ ሲሳብ ኖሮ፣ ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ከብት የተሰማራበት ሜዳ ሆኖ እንደነበረ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ።

ምን ይሁን?

የወይኑ ማሳ ይነቀል የሚል ሐሳብ የለኝም። የጠብታ መስኖ ውሃውን ከሥሩ ላይ ያደርሳል፤ በቦይ ከሚለቀቀው መስኖ ያነሰ ያባክናል። ከአንድ ሜትር ኩብ ውሃ የሚገኘው ዋጋና የሥራ ዕድል ቢሰላ ወይን ከሌሎች ሰብሎች ላያንስ ይችላል። ስሌቱ ግን እንዲሠራ መጀመሪያ ውሃው መለካት አለበት። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከሐይቁና ከገባሮቹ የሚስብ ፓምፕ ሁሉ፣ የትልቅ ኩባንያም ሆነ የገበሬ ማኅበር፣ ቆጣሪ ይኑረው። ትንንሾቹን ለይቶ መተው አይቻልም፤ ስሌታችን እንዳሳየው ድምሩ የሚሠራው ከትንንሾቹ ነው።

ሁለተኛ፣ የቡልቡላ ዝቅተኛ ፍሰት በሕግ ይወሰን። ወንዙ የመጨረሻው ተረፈ ምርት ተቀባይ መሆኑ ቀርቶ እንደ አንድ የውሃ ተጠቃሚ፣ ያውም በቅድሚያ እንደሚሰጠው ተጠቃሚ ይቆጠር።

ሦስተኛ፣ የሐይቆቹ ከፍታ በየወሩ ለሕዝብ ይነገር። የዶላርን ምንዛሪ በየቀኑ የሚከታተል ነጋዴ ሥራው የቆመበትን ሐይቅ ከፍታ የማያውቅበት ምክንያት የለም። ይህ የእኛም የዩኒቨርሲቲዎች ሥራ ነው፤ አንድ የከፍታ መለኪያ ዘንግና በየሳምንቱ የሚያነብብ አንድ ተማሪ ብዙ ወጪ አይጠይቁም።

ለተማሪዎቼ ደግሞ አንድ ተግባራዊ ምክር አለኝ። በሚቀጥለው ረጅም ሰንበት ወደ ላንጋኖ ስትወርዱ፣ ከባቱ ጠርሙስ ገዝታችሁ በቀጥታ ወደ ማረፊያችሁ አትሂዱ። ቡልቡላ ድልድይ ላይ ውረዱና ወንዙን ተመልከቱ፤ ምን ያህል እንደሚፈስስ፣ ጭራሽ ይፈስስ እንደሆነም ጻፉ። ቀኑን አትርሱ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር ተመልሳችሁ እንደገና ጻፉ። የጠርሙሱ ጽሑፍ የወይኑን ዓይነትና የተለቀመበትን ዓመት ይነግራችኋል፤ በዚያ ዓመት ቡልቡላ እንዴት እንደነበረ ግን የሚነግራችሁ እናንተ የያዛችሁት ማስታወሻ ብቻ ነው።